የኮከቦች ጨዋታ ይቅር ለሚሉ

የካቲት በገባ ቁጥር ያው ሙሾ ይወርዳል። የኤንቢኤ የኮከቦች ጨዋታ፣ ኦል ስታር፣ ፊሽካው ሳይነፋ «ይኸ ነገር ሞቷል፤ ይቀበርና እንረፍ» የሚለው ድምፅ ያይላል። የቴሌቪዥን ተንታኙ፣ ጡረታ የወጣው ተጫዋች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንቅልፉን አጥቶ የሚያየው ወጣት፣ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ የሚከላከል የለም፣ የሚሮጥ የለም፣ ኳሱ ዝም ብሎ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ እንዲህ ከሆነ ለምን ይደክማሉ?

ወቀሳው ማስረጃ አያጣም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ኢንዲያናፖሊስ ላይ የምሥራቁ ቡድን የምዕራቡን 211 ለ186 ረታ። በአንድ ጨዋታ 397 ነጥብ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ጄሰን ቴተም ብቻውን 55 ነጥብ ሲያስቆጥር ይኼነው የሚባል ተከላካይ አልገጠመውም። የተሸናፊው ቡድን አሠልጣኝ ማይክል ማሎን ከጨዋታው በኋላ ከዚህ የከፋ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ አልታየም ብሎ በአደባባይ አማረረ። አሠልጣኙ እንዲህ ካለ ተመልካቹ ምን ይበል?

ይህን እኔም አልክድም። የምከራከረው ከዚህ ተነስቶ ስለሚሰጠው ፍርድ ነው። «ተጫዋቾቹ ጠግበዋል፣ ዘመኑ አልፎበታል፣ ስለዚህ ይቅር» የሚለው ፍርድ ሕመሙን በትክክል አይቶ መድኃኒቱን ይስታል። የኮከቦች ጨዋታ ሲፈጠር ለዋንጫ አልተፈጠረም። የተፈጠረው ለሰው ነው፤ ለተጎዳ፣ ለተረሳ፣ በር ለተዘጋበት ሰው። የሚጫወቱለት ሲኖራቸው ኮከቦቹ ዛሬም አጥንታቸው እስኪንቋቋ ይጫወታሉ። ሲያጡ ያላግጣሉ። ታሪኩ ከመነሻው እስከ ዛሬ የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። በ1933 አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተይዛ ትማቅቅ ነበር። ቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን አዘጋጅታ ስለነበር የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ አርች ዋርድ የሁለቱን ቤዝቦል ሊጎች ምርጦች ለአንድ ቀን ብናጋጥምስ የሚል ሐሳብ አመጣ። ጁላይ 6 ቀን በኮሚስኪ ፓርክ ቤብ ሩት የኮከቦችን ጨዋታ የመጀመሪያ ሆም ረን መታ፤ የአሜሪካን ሊግ 4 ለ2 አሸነፈ። ገቢው የገባው ለተቸገሩ የቀድሞ ተጫዋቾች መርጃ ነው። የዚህ ሁሉ ግርግር የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር፤ የቆሙት ለወደቁት የተጫወቱበት ቀን።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ በዚያው ሜዳ፣ ሌላ የኮከቦች ጨዋታ ተደረገ። ጥቁር ተጫዋቾች ወደ ሜጀር ሊግ እንዳይገቡ በተከለከሉበት በዚያ ዘመን የጥቁሮቹ ሊጎች የራሳቸውን የምሥራቅና የምዕራብ ጨዋታ አቋቋሙ። ተሰላፊዎቹን የመረጠው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ፒትስበርግ ኩሪየርና ቺካጎ ዲፌንደር በመሳሰሉት የጥቁሮች ጋዜጦች በኩል ድምፁን እየሰጠ። በ1943 ይህን ጨዋታ ለማየት ኮሚስኪ ፓርክ የገባው ሰው ከ51,000 በላይ ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን የሜጀር ሊጉን በር የሰበረው ከዚያ አራት ዓመት በኋላ ነው። ለዚያ ሕዝብ የኮከቦች ጨዋታ መዝናኛ ብቻ አልነበረም። «እነዚህ ሰዎች ከማንም አያንሱም» የሚለውን ክርክር በዓመት አንድ ቀን በሜዳ ላይ የሚያስረዳበት አደባባዩ ነበር። «ነጥብ የማይያዝበት ጨዋታ ምን ይረባል» የሚል ሰው ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ ያንብብ።

ወደ አይስ ሆኪ እንሻገር። በዲሴምበር 1933 ቦስተን ውስጥ ኤዲ ሾር የተባለው ኃይለኛ ተከላካይ የቶሮንቶውን ኤስ ቤይሊን ከኋላ ገጭቶ በረዶው ላይ ጣለው። የቤይሊ የራስ ቅል ተሰነጠቀ። ሐኪሞች ሕይወቱን አተረፉለት እንጂ ዳግመኛ አልተጫወተም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1934 የሊጉ ምርጦች ቶሮንቶ ላይ ተሰብስበው ከቤይሊ ክለብ ጋር ተጋጠሙ፤ ገቢው ለእሱ እንዲሆን። ከምርጦቹ አንዱ ሾር ነበር። ከጨዋታው በፊት ቤይሊ የሲቪል ልብሱን እንደለበሰ በረዶው ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ተጫዋች ተቀበለ። የሾር ተራ ሲደርስ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ሁለቱ ተጨባበጡ፤ ሕዝቡም ጣሪያው እስኪርገበገብ ጮኸ። ቶሮንቶ 7 ለ3 ማሸነፉን የሚያስታውስ ዛሬ ስንት ሰው ነው? መጨባበጣቸውን ግን የሆኪ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ይተርከዋል።

እነዚህ የድሮ ናቸው የሚል ይኖራል። እንግዲያው የዛሬዎቹን ባለሚሊዮን ደመወዝተኞች የወለደውን ሌሊት እንመልከት። ጃንዋሪ 14 ቀን 1964፣ ቦስተን ጋርደን። ኤቢሲ የኤንቢኤን የኮከቦች ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመላው አሜሪካ ሊያስተላልፍ ካሜራውን ደቅኗል። መልበሻ ክፍል ውስጥ ቢል ራስል፣ ኦስካር ሮበርትሰን፣ ጄሪ ዌስት፣ ኤልጂን ቤይለርና የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ቶም ሄይንሶን ተቀምጠዋል። ለዓመታት የጡረታ ዋስትና ጠይቀው ሰሚ አላገኙም። በዚያ ምሽት «የጡረታው ነገር በቃል ካልታሰረ ሜዳ አንወጣም» አሉ። የሌከርስ ባለቤት ቦብ ሾርት ለተጫዋቾቹ ለቤይለርና ለዌስት ዛቻውን በሰው ላከ። ዛቻው የባሰ አጠነከራቸው። ጨዋታው ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ቴሌቪዥኑ እየተቁነጠነጠ፣ የሊጉ መሪ ዎልተር ኬኔዲ መልበሻ ክፍል ገብቶ ቃሉን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ወጥተው ተጫወቱ።

ይህ ለምን በሌላ ቀን አልሆነም? በሌላ ቀን ሊሆን ስለማይችል ነው። በመደበኛው ውድድር እያንዳንዱ ኮከብ በየከተማው፣ በየባለቤቱ እጅ ነው። ምርጦቹ ሁሉ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ አገር እያየ የሚሰበሰቡት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቤዝቦልም ከ1959 እስከ 1962 በየዓመቱ ሁለት ሁለት የኮከቦች ጨዋታ ያደረገው የተጫዋቾቹን የጡረታ ፈንድ ለማዳበር ነበር። ይህ ጉልበት ደግሞ አልነጠፈም። በጁላይ 2025 ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሴቶቹ ሊግ፣ የደብሊውኤንቢኤ፣ ኮከቦች ለማሟሟቂያ ሲወጡ «ያለባችሁን ክፈሉን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ነበር። ከአሠሪያቸው ጋር የሚደራደሩበትን ጉዳይ በአንድ ምሽት ዓለም ሁሉ አወቀላቸው። «የኮከቦች ጨዋታ ይቅር» የሚለው ሰው ሳያውቀው ለተጫዋቾቹ ሳይሆን ለባለቤቶቹ እየፈረደ ነው።

1992ን ደግሞ ማን ይረሳል? ማጂክ ጆንሰን ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ በኖቬምበር 1991 ተናግሮ ከሜዳ ተሰናብቶ ነበር። ያኔ በሽታው በእጅ መጨባበጥ ይተላለፋል ብሎ የሚፈራ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ በአሜሪካም፣ በእኛም አገር። ሕዝቡ ግን በድምፁ መረጠው። ኦርላንዶ ላይ 25 ነጥብና 9 አሲስት ይዞ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች መጀመሪያ አይዛያ ቶማስን፣ ቀጥሎ ማይክል ጆርዳንን አንድ ለአንድ ያዘ። ከዚያ ከሩቅ ወርውሮ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። ሰዓቱ 14 ሰኮንድ ተኩል ቢቀረውም ጨዋታው በዚያው አበቃ፤ ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ሮጠው አቀፉት። ውጤቱ 153 ለ113፣ የ40 ነጥብ ልዩነት ነበር። በዛሬዎቹ ወቃሾች ሚዛን «ፉክክር የሌለበት ቀሽም ጨዋታ» ማለት ነው። አንድ የሰነድ ፊልምና አንድ ሺህ ሐኪም ሊያስረዱት የሚደክሙበትን ነገር ያ እቅፍ በአንድ ደቂቃ አስረዳ።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በ1984 ከተመሠረተ ወዲህ በሰኔ ማብቂያ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የእግር ኳስ ውድድር ያካሂዳል። ከሲያትል ወይም ከቶሮንቶ ፈቃድ ወስዶ፣ ቲኬት ቆርጦ የሚሄደው ሰው በዓለም የተሻለ ኳስ አያለሁ ብሎ አይደለም። ሃያ ዓመት ያላየውን የሰፈር ልጅ ሊያገኝ፣ የድሮ ተጫዋች በክብር እንግድነት ሲጠራ ቆሞ ሊያጨበጭብ ነው። ሜዳው ላይ የሚሆነው ያን ሁሉ ሰው የሚሰበስብ ምክንያት ነው። «የኳሱ ደረጃ ዝቅተኛ ነውና ይቅር» የሚል ቢነሳ ምን እንደምንለው እናውቃለን።

ታዲያ ኤንቢኤው ምን ነካው? የነካው ስንፍና ነው የሚሉት ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል። ሊጉና የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ቀኑን የሦስት ቀን ማስታወቂያ አደረጉት። በ2025 ሳንፍራንሲስኮ ላይ አራት ቡድን ያለው አነስተኛ ውድድር ተዘጋጀ፤ ለፍጻሜው 40 ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል ተባለ። ፍጻሜው ተጀምሮ ላቡ ገና ሲወርድ ጨዋታው ተቋረጠ፤ ለምን ቢባል፣ ለአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስንብት ሥነ ሥርዓት። የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ገላቸው እየቀዘቀዘ ዳር ቆመው ስክሪን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ተመልሰው በሙሉ ልባቸው እንዲጫወቱ ተጠበቀ። ድንኳን ተተክሎ፣ ሙዚቀኛ ተጠርቶ፣ ድግሱ ተደግሶ ሙሽሮቹ ያልተገኙበት ሠርግ ማለት ይህ ነው። እንግዳው ቢሰላች ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም፤ የዘፋኙም አይደለም።

የሊጉ መሪዎች መፍትሔ ብለው የያዙት ደግሞ ገንዘብ ነው። ከ2018 ጀምሮ ለአሸናፊው ቡድን ተጫዋች 100,000 ዶላር፣ ለተሸናፊው 25,000 ዶላር ይሰጥ ተባለ። ስቴፈን ከሪ በ2024–25 የውድድር ዘመን ደመወዙ ከ55 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ለ82 ጨዋታ ብታካፍሉት በአንድ ምሽት ከ670,000 ዶላር ያላነሰ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሰው 100,000 ዶላር ምኑ ነው? ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

የሊጉ መሪዎች ራሳቸው ደግሞ ትክክለኛውን መድኃኒት አንድ ጊዜ አግኝተውት ነበር። በፌብሩዋሪ 2020 ቺካጎ ላይ የሆነውን አስታውሱ። የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ኮቢ ብራያንት ከልጁ ከጂያና ጋር ከሞተ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። እያንዳንዱ ሩብ የሚጫወተው ለከተማዋ ልጆች ለሚሠሩ ሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሆነ፤ ልጆቹም ካናቴራቸውን ለብሰው ሜዳው ዳር ተቀምጠው ነበር። አራተኛው ሩብ ሰዓት የለውም፤ እየመራ ባለው ቡድን ነጥብ ላይ 24 ይደመራል፣ 24 የኮቢ ማልያ ቁጥር ነው፣ እዚያ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች ያኒስና ሌብሮን ነበሩ፤ የያኒስ ቡድን 133 ለ124 እየመራ ሦስተኛው ሩብ አለቀ። መድረሻው 157 ሆነ። ከዚያ በኋላ የታየው ሌላ ነገር ነው። ካይል ላውሪ እየሮጠ በሚመጣበት ተጋጣሚ ፊት ደረቱን ሰጥቶ ወለል ላይ ይወድቃል። ያኒስ የሌብሮንን ኳስ ከአየር ላይ ይቀማል። አሠልጣኞች ዳኛ ላይ ይጮኻሉ፤ የሊጉ ትልልቅ ስሞች ስለ አንድ ፋውል ይጨቃጨቃሉ። በአንቶኒ ዴቪስ የቅጣት ምት 157 ለ155 አበቃ። ያን ሌሊት «ኦል ስታር ሞቷል» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ወቃሾች እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ያነሳሉ። ያው የ24 ነጥብ ሕግ በ2023ም ነበር፤ ማሎን ያማረረበት ጨዋታ በዚያው ሕግ የተካሄደ ነው። ታዲያ ለምን አላዳነውም? ልክ ናቸው፤ አላዳነውም። ሕጉ ብቻውን ሰው አያስሮጥምና። በ2020 ሐዘን ነበረ፣ ስም ነበረ፣ ዳር ላይ የተቀመጡ ልጆች ነበሩ። በ2022 ክሊቭላንድ ላይም የሊጉ 75ኛ ዓመት ተብሎ የድሮ ጀግኖች ወጥተው ነበር። የዚያ አካባቢ ልጅ ሌብሮን የመጨረሻዋን ኳስ ወርውሮ 163 ለ160 ሲያበቃ አዳራሹ ተነሣ። በ2023 ሕጉ ነበረ፣ ምክንያቱ ግን አልነበረም። ውጤቱንም አየነው።

«ተጫዋቾቹ ደክሟቸዋል፣ ይረፉ፣ ቢጎዱስ» የሚለው ክርክር ይበልጥ ያሳስታል። መደበኛው ውድድር 82 ጨዋታ ነው። ዋንጫ የሚደርስ ቡድን በላዩ እስከ 28 ሊጨምርበት ይችላል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጉልበት ጨራሹ ያቺ አንዲት ምሽት ሆነች? ለጤናቸው የሚቆረቆር ባለቤት ከ82ቱ አሥሩን ይቀንስ። አይቀንስም፤ እያንዳንዱ የትኬትና የቴሌቪዥን ገቢ ነው። ጉዳት አለ፣ እውነት ነው፤ በ2012 ኮቢ በዚሁ ጨዋታ አፍንጫው ተሰብሯል። ማለሳለስም ግን ዋስትና አይሆንም። በ1999 የአሜሪካ ፉትቦሉ ክለብ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ጀማሪ ሯጭ ሮበርት ኤድዋርድስ ጉልበቱ እስከ መቆረጥ ሥጋት የደረሰበት ሃዋይ ባሕር ዳር፣ አሸዋ ላይ፣ ለመዝናኛ በተዘጋጀ ቀላል ጨዋታ ነው።

ሦስተኛው ክርክር «ብርቅነቱ ጠፋ» የሚለው ነው። ድሮ የሌላውን ሊግ ኮከብ የምታየው በዓመት አንዴ ነበር፤ ቤዝቦል ከ1997 ጀምሮ ሁለቱን ሊጎች በመደበኛው ውድድር ያገናኛል፣ ዛሬ ሁሉ ነገር ስልክህ ላይ ነው ይላሉ። ይህኛው እውነት ነው። ግን ማየት ብቻ ከሆነ የጨዋታው ጥቅም፣ ማጂክን በ1992 መምረጥ ለምን አስፈለገ? ቪዲዮው ሞልቶ ነበር። ስልክ ያልነጠቀን አንድ ነገር ተመልካቹ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ አንድን ሰው ወደ መድረኩ ማውጣቱ ነው። በ2016 የሆኪ ተመልካቾች ጆን ስኮት የተባለውን፣ ከጎል ይልቅ በድብድብ የሚታወቀውን ግዙፍ ተጫዋች ለፌዝ መረጡት። እንዳይመጣ ተጎተጎተ፤ ክለቡም ሸጠው፣ ወደ ታችኛው ሊግ ተላከ። በዘመኑ ሁሉ አምስት ጎል ብቻ የነበረው ሰው ናሽቪል ላይ መጥቶ ሁለት አገባ፤ የጨዋታው ኮከብ ተባለ፤ ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸከሙት። ፌዙ ወደ ክብር ተለወጠ። ይህን የሚሠራ ሌላ ቀን በስፖርቱ አቆጣጠር ውስጥ የለም።

የሚጫወቱለት ነገር ሲሰጣቸው ምን እንደሚሆን ደግሞ ሆኪው ራሱ በ2025 አሳይቶናል። ሊጉ የለመደውን የኮከቦች ጨዋታ ትቶ ያንኑ ሳምንት ለአራት አገሮች ውድድር ሰጠው። ተጫዋቾቹ ያው፣ ወሩ ያው፣ ለክለባቸው የሚያተርፉት አንድም ነጥብ የለም። ሞንትሪያል ላይ ካናዳና አሜሪካ ሲገናኙ በመጀመሪያዎቹ 9 ሰኮንዶች ውስጥ ሦስት ድብድብ ተነሣ። ፍጻሜው ቦስተን ላይ በጭማሪ ሰዓት በኮኖር ማክዴቪድ ጎል 3 ለ2 ለካናዳ ሆነ። ድብድቡን አላመሰግነውም። «የጠገበ ባለሀብት ለከንቱ አይደክምም» የሚለውን ወሬ ግን በረዶው ላይ ቀበረው። ኤንቢኤም ለ2026 አሜሪካንና ዓለምን የሚያጋጥም አሠላለፍ መምረጡ ከዚሁ የተማረው ነው።

አንድ ነገር እሰጣለሁ። የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮ ቦውል መለወጡ አግባብ ነበር። ሰውነት ከሰውነት ጋር በሙሉ ኃይል የሚጋጭበት ስፖርት በግማሽ ልብ ሲጫወቱት ከንቱ ነው፣ በሙሉ ልብ ሲጫወቱት ደግሞ ሰው ይጎዳል። ከ2023 ጀምሮ ባንዲራ በመንጠቅ በሚጫወት ለስላሳ ፉትቦል መተካቱን እኔም አልቃወምም። የአንድ ስፖርት ጠባይ ግን በሌሎቹ ላይ ሕግ አይሆንም። ቤዝቦልን ተመልከቱ፦ ወርዋሪና መቺ ፊት ለፊት ቆመው የሚለግሙበት መንገድ ስለሌላቸው የእነሱ ጨዋታ እስካሁን ጥርስ አለው። በ2025 አትላንታ ላይ 6 ለ6 ሲወጡ በሆም ረን መምታት ተለያዩ፤ ካይል ሽዋርበር ሦስት ሞክሮ ሦስቱንም ከአጥር አሻገረ፣ ጓደኞቹም እንደ ሰፈር ልጆች ዘለሉ።

ስለዚህ ለሊጎቹ ኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። በየዓመቱ ጨዋታው ለማን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ ንገሩን። በጉዳት ከሜዳ ለወጣ ተጫዋች ይሁን፣ ጡረታ ላላገኙ አንጋፋዎች ይሁን፣ ለአዘጋጇ ከተማ ልጆች ይሁን፤ ምርጫውን ለተጫዋቾቹ ስጡ፣ ያ ሰው ወይም እነዚያ ልጆች ሜዳው ዳር ይቀመጡ። ሽልማቱን ከኪሳቸው ወደ እነሱ አዙሩ። ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ማስታወቂያና ሥነ ሥርዓት አታስገቡ። ይህን አድርጋችሁ ካልሠራ፣ ያኔ ስለ መቅረቱ እንነጋገር።

አንባቢዬም በሚቀጥለው የካቲት «ይቅር» የሚለው ቃል አፉ ላይ ሲመጣ ቤይሊን፣ ራስልን፣ ማጂክን ያስብ። የታመመው ጨዋታው አይደለም፤ የያዙት ሰዎች ናቸው። ወቀሳውንም ለእነሱ ያድርግ።